ክብደት ማንሳት ስጀምር ሚዛኔ ጨመረ፤ ልቀጥል ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ሳንቲም ነው። ባለፉት 9 ወራት ጠዋት ጠዋት በእግሬ እየተጓዝኩና እራት እየቀነስኩ ከ76 ኪሎ ወደ 68 ኪሎ ወርጃለሁ። መስከረም ላይ እናቴ ቤት ውስጥ አዳልጧት ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ፤ ያከማት ሐኪም አጥንቷ መሳሳቱን ከነገረን በኋላ እኔም ከወዲሁ ክብደት ማንሳት እንድጀምር መከረኝ። ጥቅምት ላይ ሰፈራችን ካለ ጂም ተመዝግቤ ለ2 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን ሠራሁ። የመጀመሪያው ቀን ስኳት (ቁጭ ብድግ) ብዙ ስለሠራሁ ለ3 ቀን ያህል ደረጃ ስወርድ የደረጃውን ብረት ይዤ ነበር። በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ማታ ከጂም ስወጣ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ሚዛን ይዞ በሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ስመዘን 69 ኪሎ ተኩል ሆንኩ። አመጋገቤን አልቀየርኩም። አሠልጣኙ «ጡንቻ ነው፤ ደስ ይበልሽ» አለኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ብረት የምታነሳ ሴት እንደ ወንድ ትሆናለች ብላ አስፈራራችኝ፤ ተውኩት። እንደገና መጀመር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ጥር 25 የታናሽ እህቴ ሠርግ ነው፤ የሐበሻ ቀሚሴም በልኬ ተሰፍቷል። በ9 ወር ያወረድኩትን ኪሎ በሳምንታት ውስጥ እንዳልመልሰው ፈራሁ። የገና ጾምም ሊገባ ነው። የደም ግፊቴ አንድ ጊዜ ሲለካ 138 በ88 ነበር፤ የምወስደው መድኃኒት የለም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂዬ፣ በቅድሚያ የሚያስጨንቅዎትን ነገር ልመልስልዎት። ከዘረዘሩልኝ ሁኔታ ስነሳ፣ በ2 ሳምንት የጨመረው አንድ ኪሎ ተኩል በአብዛኛው ውሃ ነው። ስብ አይደለም፤ አሠልጣኝዎ ጡንቻ ነው ቢልዎትም ጡንቻም አይደለም። ስለዚህ እንደገና ይጀምሩ፤ አጀማመሩ ግን ከጥቅምቱ የተለየ ይሁን።

ስብ አለመሆኑን እርስዎ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆኑ ራስዎ ሊያሰሉት ይችላሉ። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ጉልበት ይይዛል። አንድ ኪሎ ተኩል ስብ ለማጠራቀም ሰውነትዎ ከሚያወጣው በላይ 11,500 ያህል ኪሎ ካሎሪ መግባት ነበረበት፤ ይህ ለ14 ቀን ሲካፈል በቀን ከ800 በላይ ይመጣል። ይህን ያህል ትርፍ የሚገኘው በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ፣ ከተለመደው ምግብዎ በላይ ሌላ ሙሉ ምሳ ቢበሉ ነው። እርስዎ ግን አመጋገብዎን አልቀየሩም፤ እንዲያውም ከወትሮው በላይ ተንቀሳቅሰዋል።

«ጡንቻ ነው» የሚለውን ማጽናኛ የማልቀበለው ደግሞ ጡንቻ በዝግታ የሚገነባ አካል ስለሆነ ነው። በትክክል የምትሠራና በቂ ፕሮቲን የምታገኝ ጀማሪ ሴት በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር ግማሽ ኪሎ ያህል ጡንቻ ብትጨምር መልካም ውጤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብረቱ እየቀለለ የሚሄደው ጡንቻው ስለወፈረ ሳይሆን፣ አንጎልና ነርቮች ቀድሞውንም የነበረውን ጡንቻ አስተባብረው ማዘዝን ስለሚማሩ ነው። አሠልጣኝዎ ሊያበረታታዎት ብሎ እንደተናገረ አልጠራጠርም፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ማጽናኛ መዘዝ አለው። ውሃው ቀንሶ ሚዛኑ ዝቅ ባለ ጊዜ «ያገኘሁት ጡንቻ ጠፋ» ብለው ይጨነቃሉ፤ ምንም ሳይጠፋብዎት ማለት ነው።

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? በደብዳቤዎ ውስጥ ያለችው የደረጃ ነገር አንዱን ምክንያት ትነግረናለች። የከበደዎት መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነበር። ደረጃ ስንወርድ፣ ስኳት ስንሠራም ቁጭ እያልን ዝቅ በምንልበት ጊዜ፣ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ ላልለመደው ጡንቻ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው። በጡንቻው ክሮች ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉዳቶች ይደርሳሉ፤ ሰውነትም ሊጠግናቸው ፈሳሽና የመከላከያ ሕዋሳት ወደ ቦታው ይልካል። ሕመሙ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚበረታው፣ ጭንዎም የተወጠረ የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህ ሕመም በሽታ አይደለም፤ ያው እንቅስቃሴ ሲደገም ጡንቻው ስለሚለምድ ሕመሙም እብጠቱም እየቀነሰ ይሄዳል። እርስዎ ያቆሙት ሰውነትዎ ሊለምደው በተቃረበበት ሰዓት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የሚበልጥ ይመስለኛል። ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከሌላው ካርቦሃይድሬት የምናገኘው ስኳር በከፊል ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጡንቻና በጉበት ውስጥ ይከማቻል። ክብደት ስናነሳ ጡንቻችን በዋናነት የሚጠቀመው ይህን ስንቅ ነው፤ በተደጋጋሚ ሲጠቀምበትም ለሚቀጥለው ጊዜ ከቀድሞው የበለጠ መያዝ ይጀምራል። 1 ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ ለ9 ወር እራት ሲቀንስ የኖረ ሰው ስንቁ እንደ ሙሉ ጎተራ አልነበረም፤ ጡንቻዎችዎ 250 ግራም ግላይኮጅን ቢጨምሩ ከነውሃው 1 ኪሎ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስታውሱ እፈልጋለሁ። ከ9 ወር በፊት ምግብ በቀነሱባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ኪሎው ፈጠን ብሎ ወርዶልዎት ከነበረ፣ ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ይኸው ውሃ ነበር። ያን ጊዜ ሲሄድ ደስ ያሰኘዎት ውሃ አሁን ወደ ጡንቻዎ ሲመለስ እንደ ሽንፈት ሊቆጥሩት አይገባም።

እንቅስቃሴ ሲጀመር የደማችን ፈሳሽ ክፍልም መጠነኛ ጭማሪ ያሳያል። አመዛዘኑም ራሱ የማይናቅ ድርሻ አለው፤ የማታው ልኬት ምሳውን፣ የሚጠጡትን ውሃ፣ ልብሱንና ጫማውን ጨምሮ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥቶ ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ግማሽ ኪሎ ጨምሯል። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናትም ብዙ ሴቶች ውሃ ስለሚይዙ ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ ሊጨምሩ ይችላሉ። ያ የ2ኛ ሳምንት መጨረሻ ከዚያ ጊዜ ጋር ገጥሞ እንደነበር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ጭማሪው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። በጉዳትና ጥገና ምክንያት የሚመጣው እብጠት በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ውስጥ ይጎድላል። ከግላይኮጅን ጋር የሚቀመጠው ውሃ ግን ስፖርቱን እስከቀጠሉ ድረስ አብሮዎት ይኖራል፤ መኖሩም ጥሩ ነው፤ ቦታው ጡንቻ ውስጥ እንጂ ሆድ ላይ አይደለም። በብዙ ሰዎች ላይ ሚዛኑ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ከፍ ብሎ ወይም ባለበት ቆይቶ ከዚያ በኋላ እንደ አመጋገባቸው ሁኔታ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ ሚዛን አይቶ መፍረድ፣ ወሩ ሳያልቅ ሒሳብ እንደ መዝጋት ነው።

አንዲት ታካሚዬ በአንድ ወቅት የተማሪ ደብተር ይዛልኝ መጣች። ጠዋት፣ ከጂም ስትመለስና ልትተኛ ስትል፣ በቀን 3 ጊዜ ክብደቷን መዝግባበታለች፤ በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ በጠዋቱና በማታው መካከል ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ልዩነት ነበረው። ከ7 ሳምንት በኋላ ከጀመረችበት በ400 ግራም መጨመሯን እያሳየችኝ እንባ ተናነቃት። ለምርመራ ስትዘጋጅ ግን ቀበቶዋን አየሁት፤ ከመጨረሻው ቀዳዳ አልፎ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ላይ ታስሯል። «ይህን መቼ በሳሽው?» ስላት «ባለፈው ሳምንት፤ ሱሪው እየወረደ አስቸገረኝ» አለችኝ። ደብተሩና ቀበቶው የሚናገሩት የተለያየ ነገር መሆኑን እስከዚያ ሰዓት አላስተዋለችም ነበር። ጡንቻ ከስብ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ፣ ያው ኪሎ በጡንቻ ሲሆን የሚይዘው ቦታ ያነሰ ነው።

እርስዎም ይህን ቢያደርጉ እመርጣለሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይግዙ፤ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ትንፋሽዎን በቀስታ አውጥተው፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌዎ አጥንት ጫፍ መካከል ወገብዎን በ2 ሳምንት አንድ ጊዜ ይለኩ። ለሴቶች የወገብ ልኬት ከ80 ሳንቲ ሜትር በታች ቢሆን ለልብና ለስኳር በሽታ ያለውን ሥጋት ስለሚቀንስ፣ ለጤናዎ ከኪሎው የበለጠ የሚነግርዎት ይህ ቁጥር ነው። መመዘን ካልቀረ ደግሞ በአንድ ሚዛን ብቻ፣ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ፣ በሳምንት 3 ቀን ተመዝነው የሳምንቱን አማካይ ይያዙ፤ የዚህን ወር አማካይ ካለፈው ወር ጋር ሲያነጻጽሩም ከወር አበባዎ አንጻር ተመሳሳይ የሆነውን ሳምንት ይውሰዱ። ከ8 ሳምንት በኋላ ኪሎውም ወገቡም አብረው ከጨመሩ ግን ውሃ ነው ብለን አንሸነግልም፤ ያኔ የምንመረምረው የምግቡን ነገር ነው። በዚህ ረገድ ከስፖርት በኋላ የሚጠጣውን ስኳር የበዛበት የአቮካዶ ጁስና ስፕሪስ ይጠንቀቁ፤ አንድ ትልቅ ብርጭቆ በአንድ ሰዓት ስፖርት ያወጡትን ጉልበት መልሶ ሊያስገባ ይችላል።

የእናትዎ ሐኪም የሰጠዎትን ምክር እኔም ሙሉ በሙሉ እጋራዋለሁ። ክብደት በአመጋገብና በእግር ጉዞ ብቻ ሲቀነስ፣ ከወረደው ኪሎ እስከ አንድ አራተኛ የሚደርሰው ስብ ያልሆነ አካል፣ በተለይም ጡንቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት ከወረዱት 8 ኪሎ ውስጥ እስከ 2 ኪሎ የሚሆነው ሊያጡት የማይገባ አካል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ጡንቻ ካልሠራ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜ ደግሞ የአጥንት መሳሳት ይፋጠናል፤ የመሳሳቱ ዝንባሌም በቤተሰብ ይተላለፋል። አጥንት የሚጠነክረው ጡንቻ ሲስበውና ሸክም ሲያርፍበት ስለሆነ የእግር ጉዞ ብቻውን አይበቃውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያም ለአዋቂዎች ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ በሳምንት ከመምከሩ በተጨማሪ፣ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲኖር ይጠይቃል። የባልደረባዎ ሥጋት መሠረት የለውም፤ የወንድ ጡንቻ የሚገዝፍበት ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በሴቶች ደም ውስጥ ከወንዶቹ ከ10 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። በውድድር መድረክ የምናያቸው ጡንቻቸው የገዘፈ ሴቶች ለዓመታት በየቀኑ ለዚያ ብለው የሠሩ ናቸው፤ ሳይታሰብ የሚደረስበት ነገር አይደለም።

አጀማመርዎን በሚመለከት፣ የጥቅምቱ ስህተት ብዛቱ ነበር። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት በሳምንት 2 ቀን ብቻ ይሥሩ፤ በመካከላቸው ቢያንስ 48 ሰዓት ይለፍ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ቀላል ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ ክብደት) ወደ ጎን መሳብ፣ ከወለል ላይ ዕቃ በትክክለኛ አኳኋን ማንሳት፤ ይህ ለመጀመሪያው ይበቃል። ክብደቱ 12 ጊዜ አንስተውት ሲያበቁ 2 ወይም 3 ጊዜ መድገም የሚያስችል አቅም የሚያስተርፍልዎት ይሁን። በ3ኛው ሳምንት ዙሩንና ክብደቱን በጥቂቱ ይጨምሩ። በማግስቱ መጠነኛ መወጠር ቢሰማዎት ይለፉት፤ ደረጃ ለመውረድ ብረት የሚያስይዝዎት ከሆነ ግን አበዝተዋል ማለት ነው።

የደም ግፊትዎ አንድ ጊዜ 138 በ88 መሆኑ ብቻውን በሽተኛ አያሰኝዎትም፤ ከስፖርት የሚያግድዎትም አይደለም። ሆኖም ከመጀመርዎ በፊት በተለያዩ ቀናት፣ 5 ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ይለኩት። ብረት ሲያነሱ ትንፋሽዎን አምቀው አይያዙ፤ የሚከብደው እንቅስቃሴ ላይ አየር ያውጡ፤ ሲመልሱ ያስገቡ። አምቆ መግፋት የደም ግፊትን በዚያች ቅጽበት እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ልኬቱ 180 በ110 የደረሰ ሰው ግን ታክሞ እስኪወርድለት ድረስ ብረት ማንሳት የለበትም።

ጾሙ አያግድዎትም። ለ68 ኪሎ ሰው በኪሎ 1.2 ግራም ብንይዝ በቀን 80 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም፣ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 13 ግራም፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 7 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣሉ። ችግሩ የጾም ምግብ ፕሮቲን ማጣቱ ሳይሆን፣ እንጀራው በዝቶ ወጡ ለማጥቀሻ ያህል ብቻ መሆኑ ነው፤ እንጀራውን ጥቂት ቀንሰው ምስሩን፣ ወፈር ያለ ሽሮውንና የባቄላ ፉሉን ያብዙ። እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ጂሙን ከምግብ በኋላ ወደ አመሻሹ ያድርጉት። በጂም ውስጥ ክሪያቲን የሚባል ዱቄት ቢያቀርቡልዎት፣ ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው በትክክለኛ መጠን ሲወሰድ ጉዳቱ አያሠጋም፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሱ ራሱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ውሃ ወደ ጡንቻ ስለሚያስገባ፣ ሚዛን ለሚያስጨንቀው ሰው ጊዜው አሁን አይደለም።

አጥብቄ የማስጠነቅቅዎት አንድ ነገር አለ። ሠርግ ሲቃረብ ውሃ ለማውረድ ብለው የሚያሸና መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱ፣ ወይም ስቲም ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚቀመጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል። የሚያሸና መድኃኒት ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን አብሮ ስለሚያጥብ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ የሚወርደው ኪሎም ውሃ ሲጠጡ የሚመለስ ነው። እባክዎ አያድርጉት።

ውሃ መያዝ ሁሉ ደግሞ ከስፖርት አይደለም። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩና ቁርጭምጭሚትዎ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ፣ ተኝተው ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ወይም ፊትዎ ጠዋት ጠዋት ካበጠ፣ ልብና ኩላሊትዎ መታየት አለባቸው። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከታመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻዎ ከመጠን በላይ ከታመመ፣ የጡንቻ መፈራረስ ኩላሊትን ስለሚጎዳ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የወር አበባዎ ከቀረ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ።

ቀሚስዎን በተመለከተ፣ በዚህ ሳምንት ቢጀምሩ እስከ ጥር 25 ድረስ 10 ሳምንት ገደማ አለዎት። ከእብጠቱ የሚመጣው የመጀመሪያው የውሃ ጭማሪ በጾሙ ውስጥ ያልፋል። የገና ሰሞን ግን ሚዛን ላይ አይውጡ፤ ከ43 ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጡና ጨው የበዛበት ምግብ ሲከተል በ2 ቀን ውስጥ 1 ወይም 2 ኪሎ ውሃ መያዝ የተለመደ ስለሆነ፣ አንድ ሳምንት ያህል ይጠብቁ። ቀሚሱን ለመጨረሻ ጊዜ የሚለኩበትን ቀን ከጥምቀት በኋላ፣ በጥር 14 ወይም 15 ጠዋት ያድርጉት። ከጥር 18 ወዲህ አዲስ እንቅስቃሴ አይጀምሩ፤ ክብደትም አይጨምሩ፤ የለመዱትን ቀለል አድርገው ይሥሩ፤ የእግር ሥራውን ደግሞ ከሠርጉ 5 ቀን አስቀድመው ያብቁ፤ በሠርጉ ዕለት ያለ ሕመም እንዲጨፍሩ ነው። ወገቡ ሊሰፋዎት ይችላል እንጂ ይጠብባል ብዬ አልሠጋም፤ ለጥንቃቄ ግን ሰፊዎን በብብቱና በክንዱ ስፌት ውስጥ የተተወ ትርፍ ጨርቅ እንዳለ ከአሁኑ ይጠይቁት።